ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

ብዙ ክሪኮች ጎናቸው ላይ «2 ቶን» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ብዙዎቻችን የምንነዳው የቤት መኪና፣ ቪትዝም ይሁን ኮሮላ፣ ከ900 እስከ 1300 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ ክሪኩ ደግሞ የሚያነሳው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። ሂሳቡ ይህን ያህል የሚተርፍ ከሆነ ዘይት ለመቀየር ከሥር መግባት ምኑ ያስፈራል? የሚያስፈራው ክብደቱ አይደለም። ማንሳት አንድ ሥራ ነው፤ ያነሱትን ይዞ መቆየት ሌላ ሥራ ነው። ክሪክ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው።

በዘይት ግፊት የሚሠራውን እንይ። መነሻው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስተዋለው ሕግ ነው፦ በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1662 ሲሞት ስለ ፈሳሾች የጻፈው ድርሳን ገና አልታተመም ነበር፤ ሕጉን ወደ መሣሪያ ለውጦ በ1795 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ነው። በክሪኩ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች አሉ። የትንሹ ዲያሜትር 1 ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የትልቁ ስፋት የትንሹን 9 እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበቱም 9 ጊዜ ይባዛል። እጀታው በበኩሉ 15 ጊዜ ቢያባዛው፣ በእጅ 3 ኪሎ ያህል የገፋ ሰው 400 ኪሎ ያነሳል ማለት ነው። በነፃ አይደለም፤ እጅ ግማሽ ሜትር ወርዶ መኪናው ከፍ የሚለው 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋግሞ መጫን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን መኪናው ተነስቷል እንበል። የቆመው በብረት ላይ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የቆመው በዘይት ላይ ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋው ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል የብረት ኳስ ናት፤ በፒስተኑ ዙሪያ እንዳያመልጥ የሚይዘው ደግሞ የላስቲክ ቀለበት ነው። ከኳሷ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከገባች፣ ወይም የማውረጃው ብሎን በደንብ ካልጠበቀ፣ ክሪኩ ቀስ እያለ ይሰጥማል። ቀስ ካለስ ጥሩ ነው፤ ያረጀ ላስቲክ ሲቀደድ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከቅያሪ ጎማው ጋር ተጣጥፎ የሚቀመጠው፣ በመጠምዘዝ የሚሠራው ክሪክ ይህ ችግር የለበትም። የጥርሱ ቁልቁለት በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰበቃው ብቻውን እንዳይመለስ ይይዘዋል። ይህን ክሪክ የተጠቀመ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ያደክማል፣ ከፍ ሲል ይቀላል። ክንዶቹ ከመሬት ጋር 15 ዲግሪ ሲሠሩ መካከሉ ያለው ጠምዛዛ ብረት የሚጎተተው ከጭነቱ 3.7 እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው፤ 45 ዲግሪ ሲደርሱ ኃይሉ ከጭነቱ ጋር እኩል ይሆናል። ለ330 ኪሎ ጭነት ይህ ከ1200 ኪሎ በላይ ወደ 330 ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ተጣጥፎ ሥራ ከሚጀምር ይልቅ ከሥሩ ሰፊና ወፍራም ጣውላ አስገብቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢጀምር ይሻላል።

የዚህ ክሪክ ድካም መቆሚያው ጠባብ መሆኑ ነው። አንዱን ጎን ስናነሳ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ በማዶ ባሉት ጎማዎች ላይ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። በቀኝና በግራ ጎማዎች መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ካለ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የተነሳ ጎን ወደ ማዶው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። የክሪኩ ራስ አብሮ ይሄዳል፤ እግሩ ግን መሬት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ክሪኩ ሲያጋድል በግልጽ ይታያል። ባለ ጎማው ትልቅ ክሪክ ይህን ለማካካስ ወደ ፊት መንከባለል አለበት፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይንከባለላል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን የትንሹ ጎማ ጠርዝ ከድንጋዮቹ መካከል ይቀረቀራል። ያን ጊዜ የሚቀረው የክሪኩ ራስ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ መውጣት ነው። ዋልካ አፈር ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ባይሞከር ይመረጣል።

ቁልቁለትም አለ። በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ግቢ ለዓይን ሜዳ ነው፤ 1100 ኪሎ የሚመዝነውን መኪና ግን በ55 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ይጎትተዋል። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሹም ፒ ላይ ነው» የሚል ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት፤ ምክንያቱም ጎማ ከመሬት ሲለቅ ሁለቱም የሚይዙት ነገር ይቀየራል።

የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከተነሱ አየር ላይ ያለ ጎማ ይዟል፤ መኪናውን አልያዘም። ማርሽ ደግሞ የሚይዘው ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ነው፤ እነሱንም በዲፈረንሻል በኩል። ዲፈረንሻል መኪናው ሲታጠፍ ውጭ ያለው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር የሚፈቅድ የጥርሶች ስብስብ ነው። ፒ ላይ ሲሆን አንዱ ጎማ ወደ ፊት የሚዞረው ሌላው ወደ ኋላ ከዞረ ብቻ ነው። ሁለቱም መሬት ላይ ካሉ ይህ አይሆንም፤ መኪናው ቆመ። አንዱ ከተነሳ ግን የተነሳው በአየር ላይ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ የቀረውን ይለቀዋል። ማርሹ ገብቶ ሳለ መኪናው ይንከባለላል! ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን በሚያዞርበት መኪና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ማንሳት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ፍሬኑም ማርሹም ያሉት እዚያው ስለሆነ መሬት ላይ የቀሩትን የፊት ጎማዎች የሚይዝ ምንም ነገር የለም። እንደ አሮጌው ዲፌንደር ያለ ላንድ ሮቨር ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ያለው ከጎማው ላይ ሳይሆን ከማርሹ መውጫ ላይ ነው፤ አንድ የኋላ ጎማ ተነስቶ የዲፈረንሻሉ ነገር ከመጣ ፍሬኑም አብሮ ይከዳል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የከባድ መኪና ረዳቶች ሁሌም እንደሚያደርጉት፣ መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ማድረግ። የጎማ ብሎኖችንም ጎማው መሬት ላይ እያለ ማላላት ይገባል፤ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ በ100 ኒውተን ሜትር የጠበቀ ብሎን ለመፍታት 40 ኪሎ ያህል መግፋት ያስፈልጋል፤ ያ ግፊት በክሪክ ላይ ለቆመ መኪና የጎን ግፊት ነው።

የተነሳውን መኪና በብሎኬት ማስደገፍን በተመለከተ ለማለሳለስ አልሞክርም፤ ከመኪና ሥር የብሎኬት ቦታ የለም። ቤት ተሸክሞ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ግድግዳ ላይ ጭነቱ በሲሚንቶ አማካይነት በብሎኬቱ ፊት ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። ከመኪና ሥር ግን መዳፍ በማታህል የብረት ጠርዝ በኩል ይመጣል፤ ቀዳዳውን የከበቡትን ቀጫጭን ግድግዳዎች ያጎብጣል፤ የጎበጠ ነገር ደግሞ በአንድ ፊቱ ይሳባል። ኮንክሪት ለስበት ያለው አቅም ለጭነት ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። ብሎኬት ደህና መስሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል።

ለመያዝ የተሠራው ዕቃ የብረት ማቆሚያው ነው፦ ሰፊ እግር፣ መካከሉ ከፍ ዝቅ የሚል ዘንግ፣ ዘንጉን የሚይዝ ጥርስ ወይም ፒን። ዘይት የለውም፣ የሚያረጅ ላስቲክ የለውም። መኪናው ተነስቶ ማቆሚያው የመኪናው መመሪያ ባሳየው ጠንካራ ቦታ ሥር ይገባል፤ ፒክአፕ ከሆነ በሻንሲው ሥር። የሞተር ዘይት መያዣው ቀጭን ስለሆነ በፍጹም አይሆንም። ከዚያ ክሪኩ ጭነቱን ለማቆሚያው እንዲያስረክብ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ማቆሚያው ላይ የሚጻፈው ቶን ብዙ ጊዜ የጥንዱ እንጂ የአንዱ አለመሆኑ ልብ ይባል። ማቆሚያም ሰው ሠራሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሀርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ቸርቻሪ ጥርሱ ከጭነት ሥር ሊላቀቅ ይችላል በሚል ከ1 ሚሊዮን በላይ ማቆሚያዎችን መልሶ ጠርቷል፤ በምትካቸው ከሰጣቸውም የብየዳ ጉድለት ተገኝቶባቸው እንደገና የተጠሩ አሉ። አሜሪካ ባለ ጋራዡ ውስጥ የዚያን ዘመን ማቆሚያ ያለው ወገን የሞዴል ቁጥሩን ቢያይ አይከፋም።

ከሥር ከመግባት በፊት መኪናውን ከጎን በእጅ ገፋ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚወድቅ ከሆነ ያኔ ይውደቅ። የተፈታውን ጎማ አጋድሞ ከመኪናው ሥር መክተትም የመካኒኮች የቆየ ልማድ ነው። መኪናው ቢወርድ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተርፋል። ደረቱ ላይ ጭነት ያረፈበት ሰው አጥንቱ ባይሰበር እንኳ ሳንባው መስፋት ስለማይችል አየር አያገኝም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ጎረቤት ጠርቶ፣ ክሪክ ፈልጎ፣ መልሶ ለማንሳት ያ ጊዜ አይበቃም።

ጎማ ለመቀየር ክሪክና ታኮ ይበቃሉ፤ ሰውነት ከመኪናው ሥር አይገባምና። ከሥር ለሚያስገባ ሥራ ግን ጥንድ ማቆሚያ ይግዙ፤ ከሌለዎት ሥራው የጋራዥ ነው።