ዳኛውን የምታናግረው ልጅቷ ናት

ሥራዬ የሶፍትዌር ምህንድስና ነው። በውድድር ወራት ግን ቅዳሜዬን የማሳልፈው ባለ መስመር የዳኛ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶች ጂም የተማሪዎችን የሮቦት ግጥሚያ በመዳኘት ነው። ውድድሩ ቬክስ ይባላል። አንድ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ሮቦቱ በተጻፈለት ፕሮግራም ብቻውን ይሠራል፣ በቀሪው 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ልጆቹ ሪሞት ይይዛሉ። ሁለት ቀይና ሁለት ሰማያዊ ሮቦቶች ጎኑ 3.6 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ ላይ ይፋለማሉ። በማጣሪያው አጋር የሚደርሰው በዕጣ ስለሆነ የጠዋት አጋር ከሰዓት ባላጋራ ሊሆን ይችላል።

ወላጆች አብዝተው የሚጮኹት ሮቦት ሮቦትን ሲገፋ ነው። መግፋት ግን አልተከለከለም። የተከለከለው ባላጋራን ጥግ አስይዞ ወይም አጣብቆ ከአምስት ቆጠራ በላይ ማቆየት ነው። አምስት ሳይሞላ የለቀቀ ጥፋት የለበትም፤ ከለቀቀ በኋላ ግን ያንኑ ሮቦት መልሶ ለመያዝ ሌላ አምስት ቆጠራ መጠበቅ አለበት። ደንቡን ያነበበ ልጅ አራት ላይ ለቅቆ ዞር ይላል። ያላነበበው ወይ ፈርቶ ባላጋራውን ጭራሽ አይነካም፣ ወይ ስምንት ድረስ ይዞ ይቀጣል። ግጭቱ አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ ደንቡ የሚያደላው ነጥብ ለማስቆጠር ለሚጥረው እንጂ ለሚከላከለው አይደለም። ይህን የማያውቅ ተከላካይ ቀኑን ሙሉ ተበደልኩ ሲል ይውላል።

እኔ በጣም የምወደው የደረጃ አወጣጡን ነው። ያሸነፈ 2 የድል ነጥብ ያገኛል። ቡድኖች በድል ነጥብም ሮቦቱ ብቻውን በሚሠራበት ክፍል ባገኙት ነጥብም እኩል ከሆኑ፣ የሚለያቸው በየግጥሚያው ተሸናፊው ወገን ያስቆጠረው ውጤት ድምር ነው። ስለዚህ 90 ለ 60 ያሸነፈ ቡድን 90 ለ 5 ካሸነፈው የበለጠ ይዞ ይወጣል። ድሉ ከተረጋገጠ በኋላ ባላጋራውን ማፈኑን ትቶ ወደ ራሱ ጎል የሚመለስ ቡድን ሳይ፣ መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበውታል እላለሁ። መቀመጫው ላይ ያለው አባት ግን «ምነው ተዉት?» እያለ ይቆጣል።

ለእኛ ለሐበሾች የሚከብደው ሌላው ደንብ ነው። ዋና ዳኛውን ማነጋገር የሚችሉት በግጥሚያው የተሰለፉት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ አሠልጣኝም ወላጅም አይፈቀድላቸውም። ቪዲዮና ፎቶም አይታይም። (ቢታይ ኖሮ የጠዋቱ ግጥሚያ እስከ ማታም ባላለቀ ነበር።) አንድ አባት ስልኩን ዘርግቶ መጣና በአማርኛ «ወንድሜ፣ እስቲ ይችን ብቻ እይልኝ» አለኝ። አገር ቤት ለእንዲህ ያለ ልመና እምቢ ማለት ነውር ነው። «ጋሼ፣ እኔ ማየት አልችልም፤ ልጅቷ ራሷ ትምጣ» አልኩት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከኋላው ቆማ ነበር። ታላቅ ሲናገር ዝም በይ ተብላ አድጋለች፤ አሁን ደግሞ ዳኛ ፊት ቆመሽ ጠይቂ ትባላለች።

መጣች። «ከአምስት በላይ ያዙን» አለች። አራት ላይ መልቀቃቸውን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ወዲያው ተመልሰው ሊይዙን ይችላሉ?» ብላ ጠየቀች። አይችሉም አልኳት፤ የደንቡንም ቁጥር ነገርኳት። ውጤቱ አልተቀየረም። እሷ ግን ያን ቁጥር ይዛ ወደ አጋሮቿ ሮጠች፤ አባቷ አሁንም ስልኩን እያየ ነበር።

ዳኛ ጥፋት ሲይዝ የትኛው ደንብ እንደተጣሰ መናገር አለበት፤ ስለዚህ «የትኛው ደንብ ነው?» ብሎ በጨዋ ቃል የሚጠይቅ ልጅ አልደፈረም፤ የተሰጠውን መብት ተጠቀመ እንጂ። ከአባቱ ዕድሜ ሰው ጋር አፍ ተካፈተ ብላችሁ አትቆጡት።

አዲስ ጨዋታ በየዓመቱ በዓለም ሻምፒዮናው ላይ ይፋ ይሆናል፤ መመሪያውም በነፃ ይገኛል። በውድድሩ ወራትም ስለሚሻሻል ከወራት በፊት የታተመውን ይዛችሁ አትምጡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁ ታንብብላችሁ፣ እናንተም ያልገባችሁን ጠይቋት፤ ዳኛ ፊት የምትቆመው እሷ ናትና መለማመዱም ይጠቅማታል። ግጥሚያው አልቆ ወደ ዳኛው ስትሄድ ግን እባካችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ከመቀመጫችሁ አትነሡ።