ትንሽ ሽብልቅ በውኃ ክንፍ ሥር



የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ሽብልቅ እናስገባለን፤ ጠረጴዛ ሲንገዳገድ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት እናኖራለን። ይኸው የቤት ብልሃት በውኃ ላይ ከሚበሩ ጀልባዎች ዘንድም ቁም ነገር እንዳለው ላስረዳ እወዳለሁ።

ሃይድሮፎይል የሚባለው ጀልባ በውኃ ውስጥ የሚሄዱ ክንፎች አሉት። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ትንሽ ክንፍ ብዙ ሸክም ይችላል። ጀልባው ሲፈጥን ክንፎቹ ከውኃው በላይ ያነሡታል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና ባልደረባው ኬሲ ቦልድዊን የሠሩት ኤች ዲ 4 በ1919 እ.ኤ.አ. በካናዳ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ የዓለምን የጀልባ ፍጥነት ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ባለ ክንፍ ሳንቃ አለ።

ከሳንቃው ሥር ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ አግዳሚ ዘንግ አለ። ከዘንጉ ፊት ያለው ትልቅ ክንፍ ሳንቃውን ያነሣል፤ ከኋላ ያለው ትንሽ ክንፍ ጅራቱን ወደ ታች እየተጫነ አፍንጫው እንዳይደፋ ይጠብቃል። የትንሹን ክንፍ የፊት ጠርዝ ዝቅ ብናደርገው ሳንቃው በዝግታም ይነሣል። ነገር ግን ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን የማንሣቱ ኃይል 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ ማዕዘኑ ከበዛ ሳንቃው ሽቅብ ዘልሎ ሰውየውን ይጥለዋል። ስለዚህ ማዕዘኑ ለሰውየው ክብደትና ለፍጥነቱ መስማማት አለበት።

ማዕዘኑ የሚለወጠው በትንሹ ክንፍና በዘንጉ መካከል ሽብልቅ በማስገባት ነው። ክንፉ ከዘንጉ በላይ የተቀመጠ ከሆነ ሽብልቁን ከኋላ ጫፍ፣ ከዘንጉ በታች ከሆነ ከፊት ጫፍ ስናገባ የፊት ጠርዙ ዝቅ ይላል።

ውፍረቱስ ምን ያህል ይሁን? በክፍል የተማርነው ትሪጎኖሜትሪ ይመልስልናል፤ የመቀመጫው ርዝመት በማዕዘኑ ታንጀንት ይባዛል። መቀመጫው 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ1 ዲግሪ 1.05፣ ለግማሽ ዲግሪ 0.52 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 5 ንብርብር ለግማሽ ዲግሪ ይበቃል። 0.76 ሚሊ ሜትር የሆነው ያረጀ የባንክ ካርድ ደግሞ 0.7 ዲግሪ ያህል ይሰጣል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ንብርብሩ እንደ ደረጃ እያጠረ ካልሄደ ክንፉ በአንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ያርፍና በብሎኑ ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎኑ ካጠረ በረጅም ይተካ። ክንፉ የካርቦን ከሆነ ቆርቆሮው በጨው ውኃ ስለሚበላ ፕላስቲክ ይሻላል። ለውጡም በግማሽ በግማሽ ዲግሪ እየሆነ፣ የራስ ቁር ተደርጎ፣ በጸጥተኛ ውኃ ይፈተን።

እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ሰው አዲስ ክንፍ ሳይገዛ በቁራጭ ቆርቆሮ ሊበር ይችላል፤ ግን ቁራጩን ለክቶ እንጂ ገምቶ አይደለም። በግምት የገባ ሽብልቅ አጥንት ያሰብራል፤ ተለክቶ የገባ ግን ሰውን ከውኃ በላይ ያቆመዋል።