ሬዲዮን ገጠር ያስገባው ምንድን ነው?

ሬዲዮ ሙዚየም ሲገባ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ግዙፉ ዕቃ ነው። በለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የመረጃ ዘመን አዳራሽ፣ ቢቢሲ በ1922 የመጀመሪያ ስርጭቱን ያስተላለፈበት «ቱ ኤል ኦ» የተባለው ማሰራጫ ቆሟል። መታየትም ይገባዋል። ነገር ግን ማሰራጫው የታሪኩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ አድማጩ ነው። የአድማጩን ዕድል የለወጠው ደግሞ በጣት ጫፍ የሚያዝ ቁራጭ ነበር።

ከዚያ ቁራጭ በፊት ሬዲዮ በአብዛኛው የሚሠራው በቫልቭ ነበር። ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ሽቦ ካልጋለ ኤሌክትሮን አይፈልቅም፤ ኤሌክትሮን ካልፈለቀ ደግሞ አንቴናው የያዘው ደካማ ሞገድ ጎልቶ አይሰማም። ስለዚህ ሬዲዮው አንዲት ቃል ከማሰማቱ በፊት ሽቦውን ለማጋል ብቻ ብዙ ኃይል ይበላል። መብራት ያልገባለት ቤት ከባድና ውድ ባትሪ ካላቀረበ በቀር እንዲህ ያለ ሬዲዮ የለውም ማለት ነው።

የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ አስቡ። ጣሊያኖች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ የጣሊያንን ወረራ እየተቃወመ ለዓለም የተሰማው ከዚሁ ጣቢያ ነው። አጭር ሞገድ ከሰማዩ የአዮኖስፌር ንብርብር እየነጠረ ስለሚመለስ ውቅያኖስ ይሻገራል። ያ ድምፅ አሜሪካ ሲሰማ፣ ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከተው የአገራችን ገበሬ አልሰማውም። ሞገዱ ደጁ ቢደርስ እንኳ የሚቀበለው ዕቃ በቤቱ አልነበረም።

ያ በጣት ጫፍ የሚያዝ ቁራጭ ትራንዚስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ ባርዲንና ብራተን የሠሩት ይህ ዕቃ የቫልቭን የማጉላት ሥራ ሳይግል ይሠራዋል። በ1954 ለገበያ የወጣው «ሪጀንሲ ቲአር ዋን» የተባለው ሬዲዮ በአራት ትራንዚስተር እየሠራ ኪስ ገባ፤ ዋጋው 49.95 ዶላር ነበርና ገና የደሃ ዕቃ አልነበረም። በኋላ ዋጋው ሲረክስ ግን ጥቂት የባትሪ ድንጋይ የጎረሰ ሬዲዮ መብራት በሌለበት መንደርም መናገር ጀመረ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው ለጥቂት ጊዜ ያንሰራራል። ይህ ብልሃት ከማሰራጫው እኩል የሬዲዮ ታሪክ ነው።

ስለዚህ በአገራችን የሬዲዮ ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ መካከሉን መያዝ ያለበት ዳንቴል የለበሰው ትንሹ ሬዲዮ ነው እላለሁ። አጠገቡም ዜና ሰዓት ሲደርስ እነማን ይሰበሰቡበት እንደነበር ይጻፍ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት፣ ማን ገዝቶ እንዳመጣውና እነማን ያደምጡት እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉት።