ከእባብ መርዝ የተገኘው የደም ግፊት ክኒን

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በስደት አገር ጧት ጧት የደም ብዛት ክኒን ከሚውጠው ወገናችን መካከል ስንቱ ሳያውቀው የአንድ እባብ ባለዕዳ እንደሆነ ቢነገረው ይደነቅ ይሆናል። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቀው መድኃኒቶች፣ ማለትም ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና መሰሎቻቸው፣ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ጃራራካ ከተባለ የብራዚል እባብ መርዝ ነው።

ጃራራካ የነደፈው እንስሳ የደም ግፊቱ ባንዴ ያሽቆለቁላል። ምክንያቱን የፈለጉት ራሳቸው ብራዚላውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ማውሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫና ባልደረቦቻቸው፣ መርዙ በሰውነት ውስጥ ብራዲካይኒን የተባለ የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር እንደሚያደርግ ደረሱበት። በ1965 ደግሞ ሰርጂዮ ፌሬራ፣ በዚያው መርዝ ውስጥ ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚከላከሉ ነገሮች መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህም ፔፕታይዶች፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ጥቂቶቹ የተቀጣጠሉባቸው አጫጭር ሰንሰለቶች ሆነው ተገኙ።

ፌሬራ ግኝታቸውን ይዘው ለንደን ወደሚገኘው የጆን ቬይን ላቦራቶሪ አመሩ። እዚያም መርዙ አንድ ኢንዛይም እንደሚያግድ ታወቀ። ይህ ኢንዛይም ብራዲካይኒንን ያፈርሳል፤ በዚያው ላይ የደም ሥር የሚያጠብ ሌላ ንጥረ ነገር ይሠራል። ኢንዛይሙ ሲታገድ የደም ሥር ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል።

ችግሩ ፔፕታይዱ ቢዋጥ እንደ ምግብ ተፈጭቶ የሚቀር፣ በመርፌ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ነበር። መላውን ያገኙት በኒው ጀርሲ በስኩዊብ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሚጌል ኦንዴቲና ዴቪድ ኩሽማን ናቸው። የፔፕታይዱን ጠባይ መነሻ አድርገው፣ በአፍ የሚዋጥ ትንሽ ሞሌኪውል ቀመሩ። ካፕቶፕሪል የተባለው ይህ መድኃኒት በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ በክኒኑ ውስጥ የእባብ መርዝ የለም፤ ከመርዙ የተወሰደው ትምህርት ነው።

ትርፉስ የማን ሆነ? እባቡም የመጀመሪያው ምርምርም የብራዚል ሲሆኑ፣ የመድኃኒቱ የባለቤትነት መብት የተመዘገበው በኩባንያው ስም ነው። ብራዚላውያን ይህን እስከ ዛሬ በቁጭት ያነሱታል። በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ለፊርማ የቀረበው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት፣ አገሮች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብትና ከጥቅሙ የመካፈልን መርሕ አስፍሯል። ኢትዮጵያም በ2006 በአዋጅ ቁጥር 482 የራሷን ሕግ አውጥታለች። እንስሳቱና ዕፅዋቱ ሞልተው ለተረፏት አገር የጃራራካ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው።

ጃራራካ ብቻውን አይደለም። ኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ኤንግ፣ ጊላ ሞንስተር ከተባለ መርዛም እንሽላሊት ያገኙትን ፔፕታይድ በ1992 ይፋ አደረጉ። ከዚህ የመጣው የስኳር በሽታ መርፌ በ2005 ተፈቀደ። ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተገኘው ዚኮኖታይድ ደግሞ ለጽኑ ሕመም ማስታገሻነት በ2004 ተፈቅዷል፤ የሚሰጠውም በአከርካሪ በኩል ነው።

በአማርኛችን «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ፈውስም መርዝም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ መጠኑና ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ያልተጣራ መርዝ ለፈውስ ብሎ እንዳይሞክር። በ«ፕሪል» የሚያልቅ ክኒን የሚወስድም ደረቅ ሳል ከያዘው ለሐኪሙ ይንገር፤ «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ቢያብጥ ግን ክኒኑን ሳይደግሙ ወዲያው አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል፤ ይህ እብጠት በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይበልጥ እንደሚታይ በጥናት ታውቋል። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እኅትም ሐኪሟን ሳትውል ሳታድር ታማክር።