«ኦልድ» ሁልጊዜ «አሮጌ» አይደለም

እንግሊዝኛ መማር ስንጀምር ቶሎ ከምናውቃቸው ቅጽሎች አንዱ «ኦልድ» ነው። አጭር ነው፤ ለመጻፍም ለመናገርም አይከብድም። ትርጉሙን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «አሮጌ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። እንግሊዝኛ በዚህ አንድ ቃል ሽማግሌን፣ ጫማን፣ ከተማን፣ ወዳጅነትን፣ የአራስ ሕፃንን ዕድሜ ሳይቀር ይገልጽበታል። አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን ቃል ይሰጠዋል። ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ መንገድ ላይ ደግሞ በስዋሂሊ ለሚያወሩ የናይሮቢ ልጆች ይህን ልዩነት ማወቅ ከፈተና ውጤት በላይ ይጠቅማል።

ትክክለኛውን ቃል ለመምረጥ የሚረዳ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ «እዚህ ቦታ ላይ የቃሉ ተቃራኒ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ተቃራኒው «አዲስ» ነው? «ወጣት» ነው? «የአሁን» ነው? «ትኩስ» ነው? ተቃራኒውን ስናገኝ የአማርኛው ቃል አብሮ ይመጣል። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ቃሉ የሚጠፋበት ቦታ

አንዳንድ ጊዜ «ኦልድ» ተቃራኒ የለውም። «አይ አም ትዌልቭ ይርስ ኦልድ» የሚለውን ቃል በቃል ብንተረጉመው «አሥራ ሁለት ዓመት አሮጌ ነኝ» ይሆናል። ይህን የሰማች አያት መሳቋ አይቀርም። እዚህ ላይ ቃሉ የዕድሜ መለኪያ እንጂ የማርጀት ምልክት አይደለም። ስለዚህ አማርኛ ቃሉን ይተወውና «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» ይላል። ጥያቄውም ለእኩያ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ወይም «ስንት ዓመትሽ ነው?»፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ይሆናል። እንግሊዝኛ ስለ አራስ ልጅ «ቱ ዴይስ ኦልድ» ሲል እኛ «ከተወለደ ሁለት ቀኑ ነው» እንላለን።

«ኦልደር» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ተቃራኒው «ታናሽ» ስለሆነ «ታላቅ ወንድሜ» ወይም «ታላቅ እኅቴ» እንላለን። ስናወዳድርም «በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች» እንላለን እንጂ እርጅናን አናነሣም።

ተቃራኒው «አዲስ» ሲሆን

ጫማ፣ መኪና፣ ወንበር፣ ልብስ ሲሆን «አሮጌ» በትክክለኛ ቦታው ነው። ነገር ግን ቃሉ በውስጡ የመቀደድን፣ የመድከምን፣ ከጥቅም ውጭ የመሆንን ስሜት ይዟል። ስለዚህ ለቅርስ አይስማማም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት «አሮጌ» ብንላቸው ሰሚው ሊፈርሱ የደረሱ ይመስለዋል። ትክክለኛው ቃል «ጥንታዊ» ነው፤ ተቃራኒውም «ዘመናዊ» ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የተመዘገበችውን የዛንዚባርን የድንጋይ ከተማም እንዲሁ «ጥንታዊት ከተማ» ብንል ያምርባታል።

አንዳንድ ስሞች ደግሞ ከነአካቴው አይነኩም። በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ ቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረበትን ሰፈር ሕዝቡ በአማርኛ ሲያወራም «ኦልድ ኤርፖርት» ይለዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ብሉይ ኪዳን» ተብሎ ከግእዝ የመጣው ስም ጸንቶ ኖሯል። «አሮጌ ኪዳን» የሚል የለም።

ተቃራኒው «ትኩስ» ሲሆን

ወደ ወጥ ቤት ስንገባ ሌላ ቃል እናገኛለን። የትናንት እንጀራ «ያደረ» ነው፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ እህል «የከረመ» ነው። ወሬ ከሆነ «ያለፈበት» ነው። መድኃኒት ወይም የታሸገ ምግብ ከሆነ «ጊዜው ያለፈበት» እንላለን። አማርኛ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ነገሩ መልክ ሳይሆን በላዩ ስላለፈው ጊዜ ነው።

ተቃራኒው «የአሁን» ሲሆን

«ማይ ኦልድ ቲቸር» የሚለው ሐረግ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። አንደኛው ዱሮ ያስተማረን፣ ዛሬም ገና ጎልማሳ የሆነ ሰው ነው፤ እሱ «የቀድሞ አስተማሪዬ» ነው። ሁለተኛው ዛሬም የሚያስተምሩን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው «አዛውንቱ አስተማሪዬ» ናቸው። እንግሊዝኛው ራሱ አይለይም። የሚለየው የዐረፍተ ነገሩ ዙሪያ ነው።

ስለ ወዳጅም ስንናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የዱሮ ጓደኛዬ» ስንል ዛሬ እንደተለያየን ሊያስመስል ይችላል። ወዳጅነቱ እስከ ዛሬ የዘለቀ ከሆነ «የረጅም ጊዜ ወዳጄ» ወይም «የቆየ ወዳጄ» ማለት ይሻላል።

ተቃራኒው «ወጣት» ሲሆን

ከሁሉም በላይ የምንጠነቀቀው ስለ ሰው ስንናገር ነው። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ወንድን «አሮጌ» ማለት ስድብ ነው። «አሮጊት» የሚለው ቃል በተረት ውስጥ ቢገኝም ፊት ለፊት ሲነገር ያስቀይማል። በአክብሮት ስንናገር «አዛውንት»፣ «አረጋዊ»፣ «አረጋዊት»፣ «የዕድሜ ባለጸጋ» እንላለን። ስንጠራቸው ደግሞ «አባባ»፣ «እማማ»፣ እንደ ዕድሜያቸውም «ጋሼ»፣ «እትዬ» እንላለን።

«ሽማግሌ» ለብቻው የሚታይ ቃል ነው። በዕድሜ የገፋን ሰው ያመለክታል፤ የተጣላን የሚያስታርቅን፣ ለጋብቻ የሚላክንም ሰው ያመለክታል። «ሽምግልና» ስንል እርጅናም ነው፣ ዕርቅም ነው። ስለዚህ «ኦልድ ማን» እና «ኤልደር» በእንግሊዝኛ ሁለት ሲሆኑ በእኛ በአንድ ቃል ሊገናኙ ይችላሉ።

በዚህ ረገድ ስዋሂሊ ለአማርኛ ይቀርባል። «ምዜ» ማለት በዕድሜ የገፋ ሰው ማለት ነው፤ ነገር ግን የክብር መጠሪያ ነው። የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ «ምዜ» ተብለው የተጠሩት ለክብራቸው ነው። ለአንድ የማናውቀው አዛውንት በስዋሂሊ «ምዜ» ብንላቸው ደስ ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ «ኦልድ ማን» ብንላቸው ግን ይቀየሙናል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

ብዙዎቻችሁ በክሊኒክና በየቢሮው ለአያቶቻችሁና ለወላጆቻችሁ አስተርጓሚ ትሆናላችሁ። አንዲት ነርስ ስለ አያታችሁ «ኢዝ ሺ ስቲል ቴኪንግ ዘ ኦልድ ሜዲሲን?» ብላ ጠየቀች እንበል። ልጁ «አሮጌውን መድኃኒት አሁንም ይወስዳሉ?» ብሎ ቢተረጉም አያት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መስሏቸው «ኧረ ምን በወጣኝ!» ሊሉ ይችላሉ። ነርሷም መድኃኒቱን እንዳቆሙ አድርጋ ትመዘግባለች። እሳቸው ግን የበፊቱን መድኃኒት በየማለዳው እየዋጡ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ቢታዘዝላቸው ጉዳት ሊደርስባቸው ይችላል።

ተቃራኒውን ብንጠይቅ መልሱ «አዲስ የሚታዘዘው» ስለሆነ ትርጉሙ ይገለጥ ነበር፤ «በፊት የታዘዘልዎትን መድኃኒት አሁንም ይወስዳሉ?» ማለት ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነርሷን መልሳችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። እናንተም ወላጆች፣ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት ሲነገር ቋንቋውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ቢገኝ ሸክሙን ከልጆቹ ላይ አውርዱላቸው።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚያሳይ ነው። እኛም ደብተራችን ላይ «ኦልድ ማለት አሮጌ» ብለን ከመጻፍ ይልቅ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ብንጽፍ ይጠቅመናል።

ለቤት ሥራ

የሚከተሉትን ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ ተርጉሙ። አስቀድማችሁ ግን ተቃራኒውን ፈልጉ።

1. ማይ ኦልድ ስኩል ኢዝ ኢን አዲስ አበባ።
2. ዚስ ብሬድ ኢዝ ኦልድ።
3. አን ኦልድ ዉማን ኢዝ ዌይቲንግ አት ዘ ጌት።
4. ሀው ኦልድ ኢዝ ዩር ግራንድፋዘር?

ሦስተኛውን ከመጻፋችሁ በፊት እማማ በር ላይ ቆመው እንደሚሰሟችሁ አስቡ።