ሸክላ ሲታዘዝ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ለንደን ውስጥ ሃይድ ፓርክ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የሥራ ቤት የልብስ ቁልፍ ከሸክላ ይሠራ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሉሲ ሪ በ1938 እ.ኤ.አ. ከቪየና ተሰዳ የመጣች ሸክላ ሠሪ ነበረች። የፋሽን ቤቶች የሚሰፉትን ጨርቅ ያሳዩዋት ነበር፤ እሷም ከጨርቁ ጋር የሚስማማ ቀለም ትቀምም ነበር። በ1946 ሐንስ ኮፐር የተባለ ወጣት ስደተኛ ሊያግዛት ተቀጠረ። ኋላ ሁለቱም ከብሪታንያ ታላላቅ ሸክላ ሠሪዎች ተርታ ተሰለፉ።

እነዚያ ደንበኞች ጨርቁን ይዘው መሄዳቸው ትክክል ነበር። «ሰማያዊ ይሁን» ብሎ ማዘዝ ለሸክላ ሠሪ ብዙም አይነግራትም።

ሸክላውን የሚያለብሰው ግሌዝ እሳት ላይ ቀልጦ መስታወት የሚሆን የማዕድን ዱቄት ነው። እቶን ከመግባቱ በፊት ያለው መልክና ሲወጣ የሚኖረው መልክ አይገናኙም። ብረት ያለበት አንድ ዓይነት ግሌዝ እንኳ እቶኑ በቂ አየር ካገኘ ቡናማ፣ አየር ካጠረው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለም የሚመረጠው ተተኩሶ ከወጣ ናሙና ላይ ነው።

መጠንም እንዲሁ ይለወጣል። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። መኮማተሩ 12 በመቶ ከሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ኩባያ ለማስረከብ ሸክላ ሠሪዋ መንኮራኩሩ ላይ ወደ 11.4 ሴንቲ ሜትር አድርጋ ታወጣዋለች። ደንበኛው የሚናገረው የመጨረሻውን ልክ ነው፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንዲይዝ እንደሚፈልግ ቢጨምር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

ከዚያ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕቃው ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይተኮሳል፣ ግሌዝ ይቀባል፣ ጠንካራው ዓይነት ሸክላ ደግሞ ከ1,200 እስከ 1,300 ዲግሪ ድረስ ዳግም ይተኮሳል። እቶኑም በራሱ ጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። ለሠርግ ወይም ለምረቃ የሚፈለግ ዕቃ ሳምንታት አስቀድሞ መታዘዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ሸክላ ማሠራት ለኢትዮጵያ ቤቶች አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀጨኔ ሴቶች ጀበናና ምጣድ በእጃቸው እያበጁ በእንጨት እሳት ይተኩሳሉ። እሳቱ ከእቶን ስለሚቀል ሸክላው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸውም በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሸክላ የከሰልና የእንጨት ነበልባል ይችላል። ባለ ግሌዙ ሳህን ግን እሳት ላይ ቢጣድ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለዚህ ከቀለምና ከልክ በፊት የዕቃው አገልግሎት ይነገር፦ ይጣድበታል ወይስ ይቀርብበታል? ምግብ የሚነካው ግሌዝ እርሳስ የሌለበት መሆኑም ይጠየቅ፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም እርሳሱን ወደ ምግቡ ያወጡታልና።

ቀብድ ሲከፈል ብዛቱ፣ ልኩ፣ የቀለም ናሙናውና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይስፈር። በእጅ የተሠሩ ሲኒዎች ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ፣ ምን ያህል ልዩነት ተቀባይነት እንዳለውም አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ብዙ ዕቃ ከሆነ አንድ ሲኒ ብቻ ቀድሞ ይሠራ። ደንበኛው ቡና ቀድቶበት ይጠጣ፣ ክብደቱንና የከንፈሩን ውፍረት ይሞክር፤ የሚስተካከል ካለ የቀሩት ሳይጀመሩ ይናገር።