ሕፃናትን ከብዝበዛ ለመጠበቅ የመሥሪያ ቤቶች መተባበር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ወረደች እንበል። እናትና አባቷ የሸኟት ትምህርት ቤት ትገባለች ተብለው ነው፤ ያመጣት ደላላ ግን በቤት ሠራተኛነት ሊያስቀጥራት አስቧል። ይህችን ልጅ የሚያድናት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

ሕግ የለም አይባልም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፥ ትምህርቱንና ጤናውን በሚጐዳ ሥራም እንዳይሠማራ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የነገሩን አንድ ወገን ብቻ ያያል። ይኸው አዋጅ የግል ቤት አገልግሎትን ስለማይጨምር፥ የሥራ ተቆጣጣሪው ፋብሪካውን እንጂ ጓዳውን አይጐበኝም። ፖሊስ አቤቱታ ይጠብቃል፤ ልጅቱ ግን ለማን አቤት እንደምትል አታውቅም። የአገሯ መምህር ከመዝገቡ መጥፋቷን ያያል፤ የደረሰችበትን ግን አያውቅም። ዳኛው የዕድሜ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት የላቸውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ እያንዳንዱ የያዘውን ለሌላው ማቀበል ነው። መምህሩ የልጅቱን መጥፋት ለወረዳው ቢያስታውቅ፥ ወረዳው ለአውቶቡስ ተራው ፖሊስ ቢነግር፥ ፖሊስ ደላላውን ሲይዝ ልጅቱን ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ቢያስረክብ፥ ሐኪም ዕድሜዋን መርምሮ ለዐቃቤ ሕግ ቢጽፍ፥ የአገሯም ወረዳ ቤተ ሰቦቿን ፈልጎ ቢያገናኛት፥ ደላላው የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይጠባል።

ይህም በደብዳቤ መጻጻፍ ብቻ አይፈጸምም። የተረከበው ሠራተኛ ስሙ፥ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ሊታወቅ ይገባል። መዝገቡ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ልጅቱ እሳት ዳር ትውላለችና።

ሕገ መንግሥቱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዘዘው ፍርድ ቤቶችንም የአስተዳደር ባለ ሥልጣኖችንም ጭምር ነው። ስለዚህ «ይህ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» የሚል ሠራተኛ፥ ሳያስበው ለደላላው መንገድ ይጠርጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ድሩ በየቢሮው ተበጣጥሶ የቀረ እንደ ሆነ ግን እንኳን አንበሳ ደላላም አያስርም።